መሄጃ ብቻ ወይስ መመለሻም?

አክስቴ እቴቴ ባረፈች ማግስት ማለዳ ትኬት ልቆርጥ ተሰልፌ ነበር። ተራዬ ደረሰና የምሄድበትን ተናገርኩ። ትኬት ቆራጩ ቀና እንኳ ሳይል «መሄጃ ብቻ ነው ወይስ መመለሻም?» አለኝ። በቀን መቶ ጊዜ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። እኔ ግን መልስ አጣሁ። ከኋላዬ የቆመው ሰው ጉሮሮውን እስኪጠርግ ድረስ ደርቄ ቀረሁ። የሚወደውን ሰው ሊቀብር የሚሄድ ሰው መመለስ የሚባል ነገር መኖሩ በዚያች ሰዓት አይታየውም። በመጨረሻ «መሄጃ ብቻ» አልኩት።

የተከበራችሁ አድማጮቼ፣ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ቀብር አይደለም። ስለ መንገዱ ነው። ስለ ሞት ብዙ ተብሏል፤ ሐዘንተኛን እንዴት ማጽናናት እንደሚገባም እንዲሁ። ከመርዶው በኋላና ከቀብሩ በፊት ስላለችው ጊዜ ግን፣ ሻንጣ ታቅፎ፣ መስኮት ተደግፎ፣ ከማያውቁት ሰው ጎን ተቀምጦ ስለሚያልፈው ጊዜ ግን ብዙም ሲነገር አልሰማሁም። ሰው «መንገዱ እንዴት ነበር?» ይላል እንጂ «በመንገድ ላይ ምን አስታወስሽ?» ብሎ አይጠይቅም። እኔ እንዲህ አምናለሁ፤ ያ መንገድ የሞተብን ሰው ለመጨረሻ ጊዜ የብቻችን የሚሆንበት ቦታ ነው። ከደረስን በኋላ የሁሉም ይሆናል። የሁሉም መሆኑ ደግሞ መልካም ነው፤ ሐዘን ብቻውን አይቻልም። ግን የብቻችን የነበረውን ይዘን ካልደረስን ለሁሉም የምናካፍለው ነገር አይኖረንም።

ከሻንጣዬ ልጀምር። ለአራት ቀን የሚሆን ልብስ ሳልይዝ ሦስት መጻሕፍት ይዤ ነበር። የለበስኩት ኮት አንዱ ቁልፉ ሊወድቅ በክር ጫፍ የተንጠለጠለ ነበር። ከሁሉም አስቀድሜ ሻንጣው ውስጥ የከተትኩት ግን አንዲት ትንሽ ነገር ነበረች። እቴቴ፣ የእናቴ ታላቅ እህት፣ ዕድሜዋን ሙሉ ልብስ ስትሰፋ የኖረች ሴት ናት። ዐይኗ ሲደክም በመርፌ ቀዳዳ ክር ማስገባት ያቅታት ጀመር። «ያቺን ክር የምታስገባዋን ሽቦ ካገኘሽ አምጪልኝ» ብላኝ ነበር። የጥፍር ያህል ቆርቆሮ፣ ጫፏ ላይ ፀጉር የምታህል ሽቦ የተጠመዘዘባት ነገር ናት። ገዛኋት። በሚቀጥለው ስሄድ በእጄ እሰጣታለሁ ብዬ መሳቢያ ውስጥ አኖርኳት። እዚያው ሰባት ወር ተቀመጠች። ለሞተ ሰው የሚሆን ዕቃ ለምን ሻንጣ ውስጥ እንደከተትኩ በዚያች ማለዳ ብትጠይቁኝ መልስ አልነበረኝም።

የ9 ሰዓት መንገድ ነው። አውቶቡሱ ሲነሳ ትልልቆቹ ትዝታዎች ይመጣሉ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ በታመምኩ ጊዜ ያስታመመችኝ፣ የተመረቅኩ ዕለት ያለቀሰችው። አልመጡም። የመጣው አፏ ነው። በከንፈሮቿ መሐል ስፒል ነክሳ በአንድ ጎን ብቻ የምታወራው አነጋገር። ልብስ ላይ ምልክት የምታደርግበት ጠመኔ ሁልጊዜ ቅንድቧ ላይ ይገኝ ነበር፤ ለምን ቅንድቧ ላይ እንደሚደርስ ማናችንም አናውቅም። መቀስ በአንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ እያለ ክሩን በጥርሷ ትበጥሳለች። ደብዳቤ ሲመጣላት ከማንበቧ በፊት ገጹን ትቆጥራለች፤ ሁለት ገጽ ከሆነ ደስ ይላታል፣ አንድ ከሆነ «ቸኩሎ ነው» ትላለች።

ከሁሉም በላይ የመጣብኝ ድምፅ ነው። ልጆች ሆነን እሷ ቤት ስናድር የምንተኛው የስፌት መኪናዋ እየሮጠ ነበር። ሌላው ልጅ ድምፅ ሲሰማ ይነቃል፤ እኛ የምንነቃው መኪናው ዝም ሲል ነው። ዝም ሲል ወንድሜ ከጨለማው ውስጥ «እቴቴ?» ይላል። «አለሁ፤ ክር እየቀየርኩ ነው» ትላለች። መኪናው እንደገና ይሮጣል፣ እኛም እንተኛለን። አውቶቡሱ ውስጥ ተቀምጬ ሞተሩን ሳዳምጥ፣ መርዶው የተነገረኝ ሌሊት ለምን ያለ ምክንያት ከእንቅልፌ እንደባነንኩ አሰብኩ። ምሥጢራዊ ነገር ልነግራችሁ አልፈልግም፤ የባነንኩት በስልኩ ይሆናል። ግን ዝምታ ያስነቃኝ መስሎ ተሰማኝ፤ ያ ስሜት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

አጠገቤ የተቀመጡት አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሁለት ሰዓት ያህል ዝም አሉ። ከዚያ «ለደኅና ነው የምትሄጂው ልጄ?» አሉኝ። «አክስቴን ልቀብር ነው፣ አባቴ» አልኳቸው። እግዚአብሔር ያጽናሽ አሉኝ፤ ይህን ሁሉም ሰው ይላል። ቀጥለው ያሉኝን ግን ማንም ብሎኝ አያውቅም። «ምን ዓይነት ሰው ናት?» አሉኝ።

ልብ በሉ፤ «ነበረች» አላሉም። እኔም ሳላስበው «ልብስ ሰፊ ናት» ብዬ ጀመርኩ። ቋንቋችን በዚህ ጨካኝ ነው። ትናንት «ናት» ያልናትን ሴት ዛሬ «ነበረች» እንድንል ያስገድደናል። ያቺን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ በአንደበት ማውጣት አፈር ከመጣል አይተናነስም። እኚያ ሰው ሳያርሙኝ አዳመጡኝ። ሳወራ ቆይቼ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይመስለኛል፣ «በጣም ቁጡ ነበረች» የሚል ዓረፍተ ነገር ከአፌ ወጣ። ያኔ ነው የሞተችው። ሐኪሙ የሞተችበትን ሰዓት ጽፎታል፤ ለኔ ግን እቴቴ የሞተችው በዚያ አውቶቡስ ውስጥ፣ መስኮት አጠገብ ነው።

ስለ መጋረጃውም ነገርኳቸው። አንድ ሌሊት የደንበኛ መጋረጃ ስትሰፋ እንቅልፍ አሸንፏት የገዛ ቀሚሷን ጫፍ ከመጋረጃው ጋር አብራ ሰፍታዋለች። ማለዳ በር ሲንኳኳ ብድግ ብላ ስትሄድ መጋረጃው በሙሉ እየተጎተተ እስከ በሩ ተከተላት። ባለ መጋረጃዋ በሩን ከፍታ ስታይ እቴቴ ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጥ ብላ ቆማ «ልክሽን ልወስድ ነው የመጣሽው?» አለቻት። ሽማግሌው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ከልቤ፣ ድምፄ ወጥቶ። ከፊታችን የተቀመጡት ዘወር ብለው አዩን። ወዲያው ሐፍረት ወረረኝ። አክስቷን ልትቀብር የምትሄድ ሴት እንዴት ትስቃለች?

ይህን ሐፍረት ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ ብዬ እገምታለሁ፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። እ.ኤ.አ. በ1999 ማርጋሬት ስትሮብና ሄንክ ሹት የተባሉ ሁለት የሐዘን ተመራማሪዎች ከኔዘርላንድስ ያወጡት ሐሳብ አለ። ሐዘንተኛ በሁለት ነገሮች መካከል ይመላለሳል ይላሉ። አንዴ ያጣውን ፊት ለፊት ያያል፣ ያለቅሳል፣ ይናፍቃል፤ አንዴ ደግሞ ከዚያ ዞር ብሎ ወደ ኑሮ ይመለሳል፣ ይሠራል፣ ይስቃል፣ ያርፋል። መመላለሱ ራሱ ነው ሐዘኑን የሚያስችለው። እንግዲህ ሳቄ ከሐዘኔ ውጭ አልነበረም፤ የሐዘኔ ግማሽ አካል ነበር። ይህን በዚያ ቀን ባውቅ ኖሮ ለሰከንድም አላፍርም ነበር። የምነግራችሁም ወደፊት በምትሄዱበት መንገድ ላይ ሳቅ ቢያመልጣችሁ እንዳታፍሩ ነው።

በሐዘን ሰሞን ሌላም የሚያስጨንቅ ነገር አለ። አንዲት ጓደኛዬ ለማጽናናት ብላ «አሁን ያለሽው ገና መካድ ደረጃ ላይ ነው፤ ቁጣው ይቀጥላል» አለችኝ። አምስቱን ደረጃዎች ሁላችሁም ሳትሰሙ አትቀሩም፤ መካድ፣ ቁጣ፣ ድርድር፣ ድብርት፣ መቀበል። እነዚህን ኤልሳቤጥ ኪዩብለር-ሮስ የተባሉ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1969 ሲጽፉ መነሻ ያደረጉት ራሳቸው ለሞት የተቃረቡ ሕሙማንን አነጋግረው ነው። በኋላ ነው የሐዘንተኛ መለኪያ የተደረገው። ማንም ሰው ከመርዶ እስከ ቀብር በደረጃ ወጥቶ አይደርስም። እኔ በ9 ሰዓት ውስጥ አምስቱንም በዘፈቀደ አልፌያቸዋለሁ፤ አንዳንዱን ደጋግሜ።

አሁን ወደዚያች ትኬት ልመለስ፤ ብዙ ጊዜ ያሳሰበችኝ እሷ ናትና። እ.ኤ.አ. በ1854 ለንደን ከተማ ውስጥ ሬሳና ሐዘንተኛ የሚያጓጉዝ ባቡር ሥራ ጀምሮ ነበር። የከተማዋ መቃብሮች ሞልተው ነበርና ከዋተርሉ አካባቢ ተነስቶ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ብሩክዉድ መካነ መቃብር ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1941 በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቦምብ ድብደባ ጣቢያው እስኪመታ ድረስ አገልግሏል። የዚህ ባቡር ትኬት ሁለት ዓይነት ነበር። ለሐዘንተኛው ደርሶ መልስ፤ ለሬሳ ሳጥኑ መሄጃ ብቻ። ይህን ሳነብ ያ ትኬት ቆራጭ ትዝ አለኝ። ሳላውቀው የቆረጥኩት የእቴቴን ትኬት ነበር።

ለመሄድ ፈልገው መንገድ ያጡ ሰዎችም አሉ። የሥነ ልቦና ሊቁ ሲግመንድ ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1917 ባሳተመው ጽሑፍ የሐዘን ሥራ ከሞተው ሰው ላይ ፍቅርን ቀስ በቀስ ማላቀቅ ነው ብሎ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በጥር 1920፣ ሶፊ የተባለች የ26 ዓመት ልጁ ሃምቡርግ ውስጥ በኢንፍሉዌንዛ ሞተች። እሱ ቪየና ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የባቡሩ ነገር ተቃውሶ ስለነበር አባትና እናት ለልጃቸው መድረስ አልቻሉም። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ ሶፊ በሕይወት ብትኖር 36 ዓመት በሚሞላት ዕለት፣ ልጁ ለሞተበት ወዳጁ ደብዳቤ ጻፈ። የሐዘኑ ስለት ይደነዝዛል እንጂ መጽናናት የሚባል ነገር የለም፣ ምትክም አይገኝም፣ ክፍተቱ ቢሞላ እንኳ የሞላው ሌላ ነገር ሆኖ ይቀራል፣ እንዲህ መሆኑም ተገቢ ነው የሚል ነበር ሐሳቡ። ማላቀቅ ነው ያለው ሰው ራሱ አላላቀቀም። እኔ ከ1917ቱ ፍሮይድ ይልቅ የ1929ኙን አምናለሁ፤ የ1929ኙ ልጅ የሞተበት አባት ነውና። ያን መንገድ ቢሄድ ምን ያስታውስ ነበር እያልኩ አስባለሁ። እ.ኤ.አ. በ2020 ወረርሽኙ ድንበርና መንገድ በዘጋ ጊዜ ስንቱ ሰው ቀብርን በስልክ መስኮት አየ! ከመካከላችሁ እንዲህ የደረሰበት ካለ፣ መንገዱን ሳይሄድ የቀረ ሰው ሐዘኑ ግማሽ ነው የምል እንዳይመስለው። ያን 9 ሰዓት ዛሬም ለራሱ ሊሰጥ ይችላል፤ በር ዘግቶ፣ መስኮት አጠገብ ተቀምጦ።

ስለ ቁጣዋ ጀምሬ ተውኩት። ሽማግሌው እንቅልፍ ከወሰዳቸው በኋላ የመጣብኝ እሱ ነው፤ ባይመጣ እመርጥ ነበር። ለትምህርት ከቤት የወጣሁ ጊዜ እቴቴ አኩርፋለች። ስፌቱን እንድወርሳት ትፈልግ ነበር። ስሰናበታት ከመኪናው ቀና ሳትል «መሄጃውን ታውቂዋለሽ፤ መመለሻውን እንጃልሽ» አለችኝ። ሃያ ምናምን ዓመት ያላሰብኩት ቃል ነው። በመስኮቱ ውስጥ ዛፎቹ ወደ ኋላ ሲሮጡ ቁጭ ብዬ ሰማሁት፤ ስፒል የነከሰው አፏ፣ ጎን ለጎን የሚወጣው ድምፅ፣ ሁሉም። ትኬት ቆራጩ ፊት ለምን እንደደረቅሁ ያኔ ገባኝ።

እቴቴ ቂመኛ ነበረች። ከገዛ ወንድሟ ጋር አራት ዓመት አልተነጋገረችም፤ ምክንያቱ ዛሬ ለናንተ ለመንገር የሚያሳፍር ትንሽ ነገር ነው። ይህን የምናገረው ላማት አይደለም። ከአራት ዓመት በኋላ የታረቀችው እሷ ቀድማ ሄዳ ነው፤ የሄደችውም የሰፋችለትን ሸሚዝ ይዛ ነው፤ ሸሚዙም ልክ ሆነ። አራት ዓመት ሙሉ ሳታናግረው መጠኑን አልረሳችም ማለት ነው። ቁጣውን ከትዝታዬ ብሰርዘው ሸሚዙም አብሮ ይሰረዛል። በመንገድ ላይ መራራው ሲመጣባችሁ አታባርሩት የምለው ለዚህ ነው። የሞተውን ሰው ሙሉውን የምናገኘው ምናልባት እዚያ ብቻ ነው።

ስደርስ ቤቱ ሞልቷል። አንዱ «ሰው አስቀይማ የማታውቅ» ይላል፣ ሌላው «ቁጣ የማታውቅ» ይላል። አጎቴ ጥግ ላይ ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል። ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። «ሸሚዙ አለ?» አልኩት በጆሮው። አንገቱ ላይ ያለውን ሹራብ ዝቅ አድርጎ አሳየኝ። ለብሶት ነበር። ሁለታችንም ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ያለቀስነው እዚያ ነው።

እዚህ ላይ ከመንገዱ ይዤ የደረስኩት አንድ ትዝታ ምን እንደገጠመው ልንገራችሁ። 9 ሰዓት ሙሉ እንደ ጋቢ ተከናንቤው የመጣሁት ትዝታ ነበር። የመጀመሪያ ቀን ትምህርት ቤት ያደረሰችኝ እቴቴ ናት። ዝናብ ይዘንብ ነበር። እኔ እንዳላለቅስ «እዚሁ ነኝ» አለችኝ። በክፍሉ መስኮት ቀና ብዬ ባየሁ ቁጥር አጥሩ አጠገብ አንድ ዘንጓ የተሰበረ ጥቁር ጃንጥላ ይዛ ቆማለች። እስከ መጨረሻው ደወል አልሄደችም። ይህን በሐዘን ቤቱ ለተቀመጡት ስናገር ታላቅ ወንድሜ ዝም ብሎ አዳመጠና በመጨረሻ «ያ እኮ እኔ ነኝ» አለ። «ያን ቀን ትምህርት ቤት የገባሁት እኔ ነኝ። በመስኮት ያየኋት እኔ ነኝ። አንቺማ ጀርባዋ ላይ ታዝለሽ ነበር፤ ገና ጥርስ አላወጣሽም።» እናቴም አረጋገጠች። እሷ ታማ ስለነበር እቴቴ ሁለታችንንም ይዛን ነበር።

የተዘረፍኩ ያህል ከፋኝ። ወንድሜ ደጋግሞ ሲያወራው ሰምቼ የራሴ አድርጌዋለሁ። ትዝታ እንዲህ እንደሚያደርግ የሚያጠኑት ያውቃሉ። ኤልዛቤት ሎፍተስ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1995 ከባልደረባዋ ጋር ባወጣችው ጥናት ለ24 ሰዎች በልጅነታቸው የገበያ ማዕከል ውስጥ ጠፍተው እንደነበር፣ ቤተሰባቸው እንደተናገረ ተደርጎ ተነገራቸው። ነገሩ አልሆነም። ከመካከላቸው ሩብ ያህሉ ግን ሙሉ በሙሉ ወይም በከፊል «አስታወሱት»። ያልሆነውን እንኳ ከቤተሰብ አፍ ሲሰማ የራሱ የሚያደርግ አእምሮ የሆነውንማ እንዴት አያደርገው? ደግሞ ማናችንም ከሦስት ዓመታችን በፊት የሆነብንን ከሞላ ጎደል አናስታውስም። የጃንጥላው ቀን የኔ ሊሆን አይችልም ነበር።

ግን ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። እዚያ ነበርኩ እኮ። ዝናቡ እኔም ላይ ዘንቧል፤ ወይም ጃንጥላው ስላለ አልዘነበም። ወንድሜ ከመስኮት ያያት ሴት እስከ መጨረሻው ደወል የቆመችው በጀርባዋ እኔን ተሸክማ ነው። ዓይኑ የሱ ነው፣ ጀርባው የኔ ነው። ትዝታውን ለወንድሜ መለስኩለት፤ እሱም በምላሹ የማላውቀውን ግማሽ ሰጠኝ። ሐዘን ቤት መሰብሰብ ጥቅሙ ምን እንደሆነ ያን ሌሊት የገባኝን ያህል ገብቶኝ አያውቅም። ሁለታችንም በየራሳችን መንገድ የየራሳችንን ይዘን ባንመጣ ግን ማን ምን ይመልስ ነበር?

እንግዲህ ልለምናችሁ የምፈልገው ነገር አለ። በመንገድ ላይ ጻፉ። የተፈጥሮ ተመራማሪው ቻርልስ ዳርዊን አኒ የምትባል የ10 ዓመት ልጁ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1851 ለሕክምና በተወሰደችበት ከተማ ስትሞት አጠገቧ ነበር። ሚስቱ ቤት ለመውለድ ተቃርባ ስለነበር ቀብሩን ሳይጠብቅ ወደሷ ተመለሰ። በሳምንቱ ተቀምጦ ስለ ልጁ ጥቂት ገጾች ጻፈ፤ ለማሳተም ሳይሆን፣ ወደፊት ዓመታት ሲያልፉ ጠባይዋ ቁልጭ ብሎ እንዲታወሳቸው ብሎ። ከጻፈው ውስጥ አንዱ፣ ፀጉሩን እያበጠረች፣ ለማሳመር ብላ ግማሽ ሰዓት ትቆይ እንደነበር ነው። ያ ሁሉ ነገር ያስተዋለ ዐይን፣ ልጁ ስትሞት ለማዳን የተሯሯጠው የፀጉሩን ጉዳይ ነው። እኔም እንደ መንገድ ባልደረባችሁ እንጂ እንደ መካሪ አልናገርም፤ በዚያ አውቶቡስ ላይ ከያዝኳቸው መጻሕፍት የአንዱ የኋላ ገጽ ላይ ስፒሉን፣ ጠመኔውን፣ ገጽ ቆጠራውን ጽፌአለሁ። ዛሬ የነገርኳችሁ አብዛኛው ከዚያ ገጽ ነው። ባልጽፈው ኖሮ ቅንድቧ ላይ ያለውን ጠመኔ እስካሁን ረስቼው ነበር ብዬ እፈራለሁ።

ደግሞ ራሳችሁ መኪና እየነዳችሁ አትሂዱ፤ የሚነዳላችሁ ሰው ፈልጉ። ሐሳቡ ሌላ ቦታ ያለ ሰው መንገዱን አያይም። ልጆች አብረዋችሁ ካሉ «ዝም በሉ፣ ሐዘን ላይ ነን» አትበሏቸው። «ምን ዓይነት ሰው ናት?» ብለው ይጠይቁ፤ እናንተም መልሱ። ጎናችሁ ሐዘንተኛ ቢቀመጥም ጥያቄውን እናንተ ጠይቁ። እኚያ ሽማግሌ ሲወርዱ ስማቸውን አልጠየቅኋቸውም። እቴቴን በሕይወት ሳለች ካወቋት ከብዙ ሰዎች ይልቅ አውቀዋት ነው የወረዱት።

ልመለስ ስነሳ አራት ቀን አልፏል። መመለሻ ትኬት ቆርጫለሁ። እናቴ ልትሸኘኝ በር ላይ ቆመች። እቴቴ ስትሸኝ «ደኅና ሁኚ» አትልም ነበር። የኮታችንን ኮሌታ ታቀናለች፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ጎተት ጎተት እያደረገች ትፈትሻለች፤ የላላ ካገኘች ሳትሰፋው አትለቀንም። እናቴ እንዲህ አድርጋ አታውቅም፤ መስፋት የእህቷ ነበር። ያን ቀን ግን እጇን ዘርግታ የተንጠለጠለውን ቁልፌን ያዘች። «ይኼ እኮ ሊወድቅ ነው» አለች። ገብታ መርፌና ክር ይዛ መጣች። በሩ ብርሃን ላይ ቆማ አንዴ ሞከረች፣ ሁለቴ ሞከረች። ክሩን በምራቋ አራሰችው። የሷም ዐይን ደክሟል፤ መድከሙን ያን ቀን ነው ያየሁት።

ሻንጣዬን ከፈትኩና ያቺን ትንሽ ሽቦ አውጥቼ ሰጠኋት። አገላብጣ አየቻት። «ለማን ነበር የገዛሻት?» አለችኝ። ነገርኳት። ምንም አላለችም። ሽቦዋን በመርፌው ቀዳዳ አሳለፈች፣ ክሩን በሽቦዋ ውስጥ፣ ሳብ አደረገችው፤ ገባ። ቁልፉን ኮቱ ከላዬ ሳይወልቅ ሰፋችው፤ ስትጨርስ መቀሱ ጠረጴዛው ላይ እያለ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።